ጎመኑ ላይ ያለው ነጭ ድር የማን ነው?

በሮቢት በኩል፣ ጣና ዳር በመስኖ ጥቅል ጎመን የሚያለማ ጎረቤቴ አንድ ማለዳ መርጫውን አዝሎ መጣ። «ወንድሜ፣ ትሉ እንቁላሉን ቅጠሉ ላይ ዘርግፎታል፤ ሳይፈለፈል ልድረስበት» አለኝ። ትል እንቁላል አይጥልም፤ የሚጥለው አድጎ የእሳት እራት ሲሆን ነው። መርጫውን አስወርጄ ቅጠሉን ገለበጥነው።

ምልክት፦ በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ድር ተለጥፏል።

ምክንያት፦ ድሩ እንደ ወንፊት ሳስቶ ውስጡ አረንጓዴ ሙሽሬ (ትሉ ወደ እሳት እራትነት የሚለወጥበት ደረጃ) ከታየ፣ የጎመን የእሳት እራት ነው፤ ጠላት ነው። ድሩ ጥቅጥቅ ብሎ ውስጡን የማያሳይ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ከሆነ ግን ኮቴዢያ የተባለችው ጥገኛ ተርብ ናት። እንቁላሏን ትሉ ሆድ ውስጥ ትጥላለች፤ እጯ ውስጡን በልታ ቆዳውን በስታ ትወጣና ድሯን ትፈትላለች። ሦስተኛም አለ፤ ከሳሳው ድር ውስጥ ሌላ ድፍን ድር ከታየ ዲያዴግማ የተባለች ተርብ ናት፣ ትሉ ለራሱ በሠራው ቤት የገባች። ተርቦቹ ራሳቸው ትንንሽና ጥቋቁር ስለሆኑ፣ በእኔ ግምት ከክንፋቸው ይልቅ በድራቸው መለየት ይቀላል።

መፍትሄ፦ ድፍኑ ድር ከበዛ አይርጩ። ከተጠራጠሩ ቅጠሉን ቆርጠው ብርጭቆ ውስጥ ያኑሩ፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ አስረው ጥላ ሥር ያቆዩት። አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ የሚወጣው ይመሰክራል። ትሉ በርክቶ ጎመኑን እየጨረሰ ከሆነ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን የባክቴሪያ ፀረ ተባይ ይምረጡ፤ የሚገድለው ቅጠሉን የበላውን ትል ስለሆነ ተርቧን አይነካም።

በቆሎ ላይም እንዲሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች አጠገብ አንድ ብቻውን የቆመ ድር ካገኙ፣ የተምቹ ጥገኛ ተርብ የሆነችው ኮቴዢያ አይሲፔ ልትሆን ትችላለች። አገዳው ተሰንጥቆ ድሩ ተከምሮ ከተገኘ ደግሞ የአገዳ ቆርቁርን ትል የሚያጠቁ ተርቦች ናቸው፤ ከአንድ ትል በርካታ ይወጣሉ።

ክሽክሹ አብጦ፣ የገለባ ቀለም ይዞ ቅጠሉ ላይ ከደረቀ፣ ዲያሬቲኤላ የተባለች የክሽክሽ ጥገኛ ተርብ ሥራ ነው። በደረቀው ክሽክሽ ላይ ያለውን መውጫ ቀዳዳ በማጉያ መነጽር ይዩት። ጠርዙ ክብና ጥርት ያለ ከሆነ ተርቧ በሰላም ወጥታለች። ጠርዙ የተቦጫጨቀ ከሆነ ግን ተርቧንም የበላ ሌላ ተርብ አለ፤ ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ ነው ሳቁ የመጣው።