አልደርቅ ያለው ኢፖክሲ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ቀለበቶቹን በክር አስሬ፣ ክሩ ላይ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ቀባሁበት። በማግስቱም ጣት ላይ ይጣበቃል። አረፋውማ አይነሳ!

ፍቆ ማንሳት አላስፈለገም። ኢፖክሲ እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ የሚጠነክረው ሙጫውና ማጠንከሪያው ሲዋሃዱ ነው። ልኩ ከተዛባ ወይም በደንብ ካልተደባለቀ ቢጠብቁትም እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ በላዩ አዲስ ደረብኩበት። ጠርሙሶቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየኋቸው፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ አረፋም ቶሎ ይለቃል። የኔው ዓይነት እኩል ለእኩል የሚቀላቀል ስለሆነ በሁለት ሲሪንጅ ለካሁ። ቀስ ብዬ አማሰልኩ፣ ፎይል ላይ ዘርግቼ ስስ አድርጌ ቀባሁ። የቀረውን አረፋ የአልኮል መብራት ሙቀት ጠራረገው። ዘንጉን በትንሽ ሞተር ሲሽከረከር አሳደርኩት፤ ካልዞረ ኢፖክሲው ወደ ታች ይንጠለጠላል።

ሲነጋ ጠንክሯል። ሲሪንጆቹን ግን አታቀያይሯቸው፣ ጓንትም አይረሳ።