በስፔን ገጠር ቤት ገዝቶ የእንግዳ ማረፊያ ለመክፈት፦ ከወረቀቱና ከውኃው ይጀምሩ

በደቡብ ስፔን፣ በሴራ ኔቫዳ ተራራ ጥግ አልፑሃራ የሚባል አገር አለ። በኖራ የነጡ ቤቶች በዳገቱ ላይ እርከን በእርከን ተደርድረዋል። ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፤ በወፍራም የእንጨት ተሸካሚ ላይ ስስ ድንጋይ ይነጠፍና ላውና የተባለ ግራጫ ሸክላ አፈር ይደለደልበታል። የትግራይን ህድሞ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እንዲህ ያለውን ቤት አይቶ “ገዝቼ እንግዳ ባሳድርበትስ” የማይል የለም። ምኞቱ መልካም ነው፤ እኔ የምፈራው ቤቱን ወድዶ ወረቀቱንና ውኃውን ሳያይ የሚፈርመውን ሰው ነው። የፈረሰ ጣሪያ ይጠገናል። ውኃ የሌለው ቤትና ወረቀቱ የተበላሸ መሬት ግን ገንዘብ ቢያፈሱበትም አይቃናም።

ከሁሉ በፊት የያዙትን ፓስፖርት ይመልከቱ። በስፔን ቤት ለመግዛት የአገሩ ዜግነት አይጠየቅም፤ መግዛት ግን የመኖሪያ ፈቃድ አያስገኝም። 500,000 ዩሮ አውጥቶ ቤት ለገዛ ይሰጥ የነበረው ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። የስዊድን ወይም የጀርመን ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ ማንኛውም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ሄዶ መኖርና መሥራት ይችላል። የአሜሪካ ወይም የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ማረፊያውን ራሱ ለማስተዳደር በግል የመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሥራ ዕቅዱንና በቂ ገንዘብ እንዳለው ማሳየትም አለበት። ከኅብረቱ ውጭ የሆነ ሰው በጋሊሺያ፣ በፖርቱጋልና በፈረንሳይ ድንበር አጠገብ፣ በካርታኼና፣ በጂብራልታር ሰርጥ ዙሪያና በስፔን ደሴቶች የገጠር መሬት ሲገዛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ሕግ መሠረት የጦር ኃይሉን ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ደላላው ላያነሳልዎት ይችላል። ቀጥሎ ኒኤ የሚባለውን የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር ያውጡ፤ ያለ እርሱ ግዢው አይፈጸምም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ እኛ የለመድነው የይዞታ ካርታ ነው። በስፔን መሬቱ ራሱ ይሸጣል፤ መረጃው ግን በሁለት መዝገብ ተከፍሎ ይገኛል። የንብረት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ባለቤቱ ማን እንደሆነና የባንክ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት ይናገራል፤ ኖታ ሲምፕሌ የተባለውን ማጠቃለያ ወደ 10 ዩሮ ከፍሎ በኢንተርኔት ማውጣት ይቻላል። ካታስትሮ የሚባለው ደግሞ የግብር ካርታ ነው፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። በአንዱ የተጻፈው ስፋት በሌላው ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከብት ያድርበት የነበረው፣ ዛሬ “ሦስተኛ መኝታ ቤት” ተብሎ የሚታይዎት ክፍል በሁለቱም ላይ ላይኖር ይችላል። አያትየው ከሞቱ ዘመን አልፎ ቤቱ አሁንም በስማቸው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ወራሾቹ ሁሉ ካልፈረሙ ግዢ የለም።

ሦስተኛው በር ማዘጋጃ ቤቱ ነው። መሬቱ ሩስቲኮ፣ ማለትም የእርሻ መሬት ተብሎ ከተመደበ፣ ማስፋፋትም ሆነ የመዋኛ ገንዳ መቆፈር በእጅጉ ይገደባል። ቤቱ በሕጋዊ መንገድ መሠራቱን፣ የእንግዳ ማረፊያ መሆን መቻሉንም በጽሑፍ ይጠይቁ። በአንዳሉሺያ ያለ ፈቃድ የተሠሩ የገጠር ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የፈረሱም አሉ። ይህን የሚያጣራልዎት ጠበቃ ከሻጩም ከደላላውም ጋር የማይሠራ ይሁን።

ውኃው ከሁሉ ይበልጣል። በአልፑሃራ ከተራራው የሚቀልጠው በረዶ የሚወርድባቸው አሴኪያ የተባሉ ቦዮች ሙስሊሞች አገሩን ይገዙ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ያገለግላሉ። የመስኖ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር አላቸው፤ እንደ እኛው የውኃ አባት ተራ የሚያከፋፍል ሰውም አለ። መሬቱ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን ተራ እንዳለው ከማኅበሩ ይጠይቁ። ሻጩ “ጉድጓድ አለ” ካለዎት ጉድጓዱ በተፋሰሱ ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ በራስ መሬት በዓመት እስከ 7,000 ሜትር ኩብ መጠቀም ቢፈቀድም ማስታወቅ ግዴታ ነው። ከዚያ በኦገስት መጨረሻ ሄደው የላይኛውን ፎቅ ቧንቧ ይክፈቱ፤ 20 ሊትር ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይቁጠሩ። ስምንት እንግዶች ከመንገድ ደርሰው በአንድ ጊዜ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲሉ በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉ። የፍሳሽ ጉድጓዱንም አስከፍተው ያሳዩኝ ይበሉ። በጃንዋሪ እንደገና ይሂዱ፤ የአልፑሃራዋ ካፒሌይራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ያለ መንደር ነውና ብርዱን ግድግዳው ውስጥ ሆነው ይዩት።

ወሰኑን በእግር ይዙሩ። ጥንታዊ የከብት መንገዶች የሕዝብ ሀብት ስለሆኑ አይሸጡም፣ አይታጠሩም፤ ካኛዳ የተባለው ዓይነት እስከ 75 ሜትር ይሰፋል። ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ የእርሻ መሬት ከገዙ ደግሞ ወሰንተኛው ሽያጩ በተመዘገበ በ9 ቀን ውስጥ የከፈሉትን መልሶ መሬቱን ለራሱ የማድረግ መብት አለው። ስለዚህ አስቀድመው ጎረቤቱን ያነጋግሩ፤ ቡናም አብረው ይጠጡ።

ይህ ሁሉ ሲጠራ ቀብድ ይከፈላል፤ የተለመደው 10 በመቶ ነው። ውሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1454 ይጥቀስ፤ ያኔ እርስዎ ቢተዉት ቀብዱ ይቀራል፣ ሻጩ ቢተወው እጥፉን ይመልሳል። ፊርማው በውል አዋዋይ ፊት ነው። የስም ማዛወሪያ ግብሩ እንደ ክልሉ ይለያያል፤ በአንዳሉሺያ 7 በመቶ ነው። ሻጩ የስፔን ነዋሪ ካልሆነ የዋጋውን 3 በመቶ ቀንሰው ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት። ከፊርማው በኋላ ስሙን በምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ያዛውሩ፤ የውኃ ተራውንም በማኅበሩ መዝገብ ላይ።

በመጨረሻ ማረፊያውን በክልሉ የቱሪዝም መዝገብ ያስገቡ፤ 17ቱ ክልሎች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ የእያንዳንዱን እንግዳ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መላክ ግዴታ ሆኗል። እንግዳው በብዛት የሚመጣው በፋሲካ ሳምንት፣ በኦገስትና በዲሴምበር 6 እና 8 በዓላት መካከል ነው፤ በፌብሩዋሪ ማክሰኞ ግን ቤቱ ባዶ ይሆናል። ዕዳዎን የሚያሰሉት በዚያ ማክሰኞ ይሁን።