አስበንላቸው የምንጎዳቸው ውሾችና ድመቶች

ውሻና ድመት ቤታችን ሲታመሙ አብዛኛውን ጥፋት የምናጠፋው አዝነንላቸው ነው። ለራሳችን የምንውጠውን እንሰጣቸዋለን። ለከብት የተሠራውን እንቀባቸዋለን። ከዚያ ሐኪም ጋ ስንደርስ መሽቷል። በየቤቱ በብዛት የሚሠሩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው፤ ከከፋው ልጀምር።

ፓራሲታሞል ለድመት መስጠት

ድመቷ ተኮማትራ ተኝታለች፣ ምግብ እንቢ ብላለች፣ ሰውነቷ ይፋጃል። ከመሳቢያ ፓራሲታሞል ይወጣል። “ግማሿን ብቻ” ይባላል። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት አቅም በጣም ደካማ ነው። መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ወደ መርዝነት ይለወጥና ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ይገረጣል ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ድመት ልትገድል ትችላለች። ውሻ ከድመት የተሻለ ይቋቋማል እንጂ መጠኑ ሲበዛ የእሱም ጉበት ይጎዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለሁለቱም አይሆኑም፤ ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ።

አንዴ ከተሰጠ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰ ማርከሻ አለው።

የተረፈ ወጥ

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። መብሰሉ ምንም አይለውጥም። አንድ ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚፈጅ ደግሞ ለእናንተ አይነገርም። ክፋቱ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ከቀናት በኋላ እንስሳው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል። ያኔ ወጡን ማን ያስታውሳል? ለእነሱ ቅመምና ሽንኩርት ሳይነካው የተቀቀለ ሥጋ በሩዝ ወይም በእንጀራ ይበቃል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይቅር፤ ሲሰበር ስለታም ስለሚሆን አንጀት ይወጋል። ቸኮሌትና ዘቢብም አደገኞች ናቸው።

ጾም ሲገባስ? ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ ድመቷም ሽሮ በእንጀራ ትበላለች። ውሻ ይህን ለተወሰነ ጊዜ ይችለዋል። ድመት ግን ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ ለወራት ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ትንሽ የተቀቀለ ዓሣ ወይም የተዘጋጀ የድመት ምግብ ይመደብላት። እሷ እንደሆነ የንስሐ አባት የላትም።

የቅርጫውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን መወርወር

በዓል ሲሆን በሬው ወይም በጉ ግቢ ውስጥ ይታረዳል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። “ይሄ አይበላም” ይባልና ለውሻ ይጣላል። ከረጢቱ የትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆኑ ትሎች ይሆናል። ውሻው የታመመ አይመስልም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። እንቁላሎቹ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣሉ፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃሉ። ልጅ ውሻውን ሲያሻሽ ቆይቶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ፣ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ክፍል አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ሌላውን የሆድ ዕቃ በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ። የትላትል መድኃኒት ስትገዙም ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ጠይቁ፤ ለዚህ ትል የሚሠራው እሱ ነው።

“ከግቢ አይወጣም፣ ምን ክትባት ያስፈልገዋል?”

የሰፈር ውሻ በበር ሥር አፍንጫውን ያስገባል፣ ድመት በጣሪያ ይመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻም ለድመትም በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል፤ ከዚያ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ። ሀበሻ መድኃኒት ፍለጋ የሚባክን ቀን የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም።

ለቡችላ ደግሞ ፓርቮ አለ። ደም የቀላቀለ፣ ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥና ትውከት ያመጣል። ቫይረስ ስለሆነ ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም፤ ቡችላውን በዋናነት የሚያተርፈው በጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። አንድ የክትባት መርፌ ተወግቷል ብላችሁ አትተዉት። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። ፓርቮ የገደለው ቡችላ በነበረበት ግቢ ቶሎ ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ማምጣትም ያው ነው፤ ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶ ወለል ከሆነ በበረኪና ይታጠባል፣ አፈር ግን አይታጠብም።

የከብት መርጫና የተቃጠለ ዘይት

ለመዥገር ዳያዚኖን፣ ለእከክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት። ሁለቱም በቆዳ ይገባሉ፣ እንስሳውም ሰውነቱን ሲልስ ይውጣቸዋል። የተመረዘው ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒትም ፐርሜትሪን ካለበት ድመት ይገድላል። ማሸጊያው ላይ የድመት ስም ከሌለ ለድመት አይሁን።

ወንድ ድመት ሲያምጥ “ድርቀት ነው” ማለት

ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ምንም አይወጣም። ዘይት ይጋታል። ብዙ ጊዜ የተዘጋው ግን የሽንት ቧንቧው ነው። ካልተከፈተ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ሌሊት ከሆነም በሌሊት ለሐኪም ይደወላል፤ እስኪነጋ አይባልም።