ጣና ውስጥ በዲቴክተር ብረት ለምትፈልጉ

ባሕር ዳር የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ዲቴክተር፣ ማለትም የተቀበረ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ ማሽን፣ ከያዝኩ ወዲህ ግን የሚደወልልኝ ለሞተር ብቻ አይደለም። ፎቶ ሲነሳ ቀለበቱ ውሃ የገባበት ሙሽራም፣ ከጀልባ ሲወርድ ቁልፍ ያመለጠውም ይደውላል። አሁን አሁን ደግሞ ማሽኑን ራሳቸው ገዝተው የሚገቡ ልጆች አያለሁ። ይህ ለእነሱ ነው።

ዲቴክተር ጆሮና ዓይን ይቀማል። ማዳመጫው የውጭውን ድምፅ ይደፍናል፤ ዓይን ደግሞ እግር ሥር ተተክሎ ይቀራል። ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡ። ዳር ላይ ሰው ይቁም፤ ሥራውም ዙሪያውን ማየት ብቻ ይሁን። ስልክ የሚነካካ ከሆነ እንደሌለ ቁጠሩት። ረጅም ገመድ ይያዝ፤ ጫፉ ላይ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ይታሰር። ችግር ሲመጣ እሱን ይወረውራል እንጂ ዘሎ አይገባም። እኔ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዬ ላይ ብቻ ነው የማደርገው።

ከወገብ በላይ አትዝለቁ። የጣና ዳር ጭቃ ነው፤ አንድ እርምጃ ጉልበት ድረስ፣ ቀጣዩ ደረት ድረስ ሊሆን ይችላል። ዱላ ከጎጃሜ እጅ አይጠፋም፤ እዚህ ይጠቅማል፣ ፊት ፊቱን እየወጋችሁ ሂዱ። ጫፉ ብረት ያለው ከሆነ ግን ማሽኑ ይጮህባችኋል። ረጅም ቦቲ አታድርጉ፤ ውሃ ሲሞላው ይጎትታል። የተሰበረ ጠርሙስና የዓሣ መንጠቆ ስላለ በባዶ እግር መግባትም አይሆንም። በክር የሚታሰር አሮጌ ሸራ ጫማ ይበቃል። ማሽኑን ወገባችሁ ላይ ቋጥራችሁ አትሰሩ።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የቆመ ሰው ጉድ ይሆናል። ሣሩ ተደፍጥጦ ወደ ውሃ የሚወርድ መንገድ ካያችሁ ቦታ ቀይሩ። ደንገልና እምቦጭ ውስጥ እኔ በገንዘብም አልገባም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ በረሃው ውስጥ ደግሞ አዞ አለ። እዚያ ለቀለበት ብሎ ውሃ መግባት የለም።

እንደ አንዳሳና ግልገል ዓባይ ያሉ ወንዞች ውስጥ በክረምት አትግቡ። በበጋም ቢሆን ላይኛው አገር ከዘነበ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ማሽኑንም ጥላችሁ ውጡ።

ጣና ላይ ከሁሉም የሚሻለው መጠበቅ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሐይቁ ይሸሻል። ዳር የጠፋ ዕቃ ያን ጊዜ በደረቅ መሬት ይፈለጋል። ደንበኛ ግን ዛሬውኑ ይላል፤ ምን ይደረግ!

የግድ ከሆነ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ግቡ። ጉማሬው ተመልሷል፣ የከሰዓቱ ነፋስም ገና ነው። ከቀበሌ ሳታሳውቁ ግን አትጀምሩ፤ ማሽን ይዞ ውሃ ዳር የሚንጎራደድ ሰው ጥያቄ ያስነሳል። አብዛኛው የሚጮኸው የቢራ ቆርኪ ነው። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን በእግርም አትነካኩት፤ ቦታውን ለይታችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታ ብዙ ሰው ይረሳል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ የሚበዛው ፀሐይ ሲበረታ፣ ሣር ባለበት በረጋ ውሃ ነው። በጠዋት መግባት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስትወጡ ወዲያው በፎጣ ፈትጋችሁ ድረቁ፤ እሱም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ምንም ባያማችሁም ከ2 ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ ተመርመሩ፣ ጣና መግባታችሁንም ንገሯቸው። ከተገኘባችሁ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ይታዘዝላችኋል።