የበግ ቆዳ አልጋ ልብስ በእጅ ለመስፋት

አዳማ ውስጥ ቦርሳ ሰፊ ነኝ። ማታ ማታ ግን የበግ ቆዳ አልጋ ልብስ እሰፋለሁ። «በዚህ ሙቀት?» ይሉኛል ደንበኞቼ። የምሰፋው በቆጂ ላለችው እናቴ ነው። የአርሲ ደጋን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቀኝም።

ሙያው የኖርዌይ ነው። «ስኪንፌል» ይሉታል። የአክስቴ ልጅ ከዚያ አንድ ይዛ መጣች፤ ስፌቱን እያገላበጥኩ አጠናሁት። ፀጉሩ ወደ ተኚው ይዞራል፣ ቆዳው ወደ ላይ ይሆናል። ቆዳው ላይ ከእንጨት በተቀረጸ ማኅተም ጌጥ ያትሙበታል። በብርዱ ወራት ሎፎተን ወደሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ሄደው ኮድ የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችም ይዘውት ይሄዱ ነበር። እኛም ብንሆን አጎዛና ደበሎ እያለን ለቆዳ ባዳ አይደለንም።

መጀመሪያ ቆዳው። የቆላ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ አያሞቅም። የመንዝ በግ ዓይነት ፀጉራም ፈልጉ። በዓል ሲደርስ ጥሬ ቆዳ በርካሽ ይገኛል፣ አንዳንዱም ይጣላል፤ ያሳዝነኛል። ጥሬውን ካገኛችሁ በዚያው ቀን የሥጋውን ወገን በደንብ በጨው እሹት። በአዳማ ሙቀት ካደረ ፀጉሩ ይረግፋል። ከዚያ ፀጉሩን ሳይነቅል ለሚያለፋ ሰው ስጡት። ለአንድ ሰው አልጋ 8 ቆዳ ይበቃል።

ቆዳውን ፀጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ። በእስክሪብቶ 50 በ70 ሴንቲሜትር አራት ማዕዘን ሥሩ። የሆዱ አካባቢ ቀጭን ስለሆነ ተዉት። የሁሉም ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። በመቀስ አትቁረጡ፤ ፀጉሩን አብሮ ይበላዋል። ቆዳውን ከፍ አድርጋችሁ ያዙና በምላጭ ቆዳውን ብቻ ሰንጥቁ።

አሁን ስፌቱ፤ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ፀጉር ለፀጉር አነባብሩ። ከጠርዙ ብቅ ያለውን ፀጉር በወስፌ ጫፍ ወደ ውስጥ ክተቱና በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። መርፌው ጫፉ ሦስት ማዕዘን የሆነ የቆዳ መርፌ ይሁን። ክሩ የጫማ ሰፊ ጠንካራ ክር ሆኖ በንብ ሰም ይታሽ፤ ከአንድ ክንድ በላይ አይርዘም። መርፌውን ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገባ አድርጋችሁ ውጉ። ክሩ ጠርዙን ዞሮ እንደገና ከዚያው ወገን ይግባ። በአንድ ሴንቲሜትር 3 ጊዜ ያህል። ክሩን ጠበቅ አድርጉት እንጂ አትጎትቱት፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ስፌቱ ያብጣል፣ ሲቆይም ቆዳውን ይቆርጠዋል። መዳፍ ያህል በሰፋችሁ ቁጥር ገልብጣችሁ እዩ። ክሩ የያዘው ፀጉር ካለ በወስፌ ነቅሳችሁ አውጡት። የተለመደው የልብስ ስፌት መኪና ይህን አያውቅም፤ ፀጉሩን ከነነፍሱ ውስጥ ይሰፋዋል። ለዚህ ነው በእጅ ስፉ የምለው።

ስፌቱ ሲያልቅ ዘርግታችሁ በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት፤ ጠፍጠፍ ይላል። ከዚያ ገልብጡና በሚዶ አበጥሩት። በትክክል ከተሰፋ መጋጠሚያው የት እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሳችሁም አታገኙትም። ያቺን ደቂቃ እወዳታለሁ።

መጀመሪያ አራት አራቱን አጣምሩና ሁለት ረድፍ አውጡ። ቀጥሎ ሁለቱን ረድፍ በረጅሙ ወገን አገናኙ። አራት ማዕዘኖች የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ስፌቱን ደርቡት፤ ቶሎ የሚለቀው እዚያ ነው። ለዙሪያው ከሸማኔ የገዛሁትን ጥለት እጠቀማለሁ። ቆዳው ላይ ሲያርፍ ያምራል፣ ጠርዙንም ከመቀደድ ይጠብቃል።

ሲያገለግል ውኃ አታስነኩት። ከቆሸሸ ቦታውን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አልፎ አልፎ ጥላ ሥር ነፋስ ይምታው፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ይደርቃል። ስታስቀምጡት በጨርቅ ጠቅልሉት። ፕላስቲክ ውስጥ ከታሸገ ይሻግታል።