ካራኦኬው ሲቀዘቅዝ፦ የዘፈን መረጣ ችግርና መፍትሄ

ለካራኦኬ የሚሆን ዘፈንና ቁጭ ብለን የምንሰማው ዘፈን አንድ አይደሉም። ስንሰማው ደስ የሚለን ዘፈን ማይክ ስንይዝ ጉድ ሊሠራን ይችላል። ፓርቲ የሚያሞቀው ዘፈን ሰው ሳያስበው አብሮ የሚያንጎራጉረው ነው። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ ሁለቱን ከማምታታት የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ግን ዘፈኑ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው።

ዘፋኙ አሳምሮ እየዘፈነ ሰዉ ስልኩን ይነካካል

ወይ ዘፈኑን የሚያውቀው ዘፋኙ ብቻ ነው፤ ወይ ደግሞ ሰዉ ዘፈኑን ያውቀዋል፣ አዝማቹ ግን አፉ ላይ የለም። የሚበዛው ሁለተኛው ነው። አስቀድሞ «ይህን ዘፈን ታውቁታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም አዎ ይላል። ይልቅ ያለ ሙዚቃ የአዝማቹን የመጀመሪያ መስመር አንጎራጉሩና ዝም በሉ። በዕድሜ ከሚራራቁ ሦስት ሰዎች ሁለቱ ተቀብለው ከቀጠሉ ዘፈኑ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ቃሉ ጠፍቷቸው ዜማውን «ላ ላ ላ» እያሉ ቢይዙትም ያልፋል፣ ግጥሙ ስክሪን ላይ አለና። ግንባራቸውን ቋጥረው ማሰብ ከጀመሩ ግን ይቅር።

ሰው አጥብቆ የሚይዘው ሙዚቃ በአብዛኛው ከ12 እስከ 25 ዓመቱ የሰማውን ነው። ስለዚህ የእንግዶቹን ዕድሜ ይዛችሁ ቀንሱ፦ አብዛኞቹ 40 አካባቢ ከሆኑ ከ15 እስከ 28 ዓመት በፊት የወጡትን ፈልጉ። ዕድሜው የተደባለቀ ከሆነ ወደ ድሮው ማዘንበል ይሻላል። ልጆች የወላጆቻቸውን ዘፈን ቤት ውስጥ እየሰሙ ያድጋሉ፤ ወላጆች ግን የልጆቻቸውን ዘፈን እምብዛም አያውቁትም፣ ልጆቹ የሚሰሙት በጆሮ ማዳመጫ ነውና።

ሞቅ ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ይሞታል

ሰዓት ይዛችሁ ለኩት። ጥሩ የካራኦኬ ዘፈን ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው፤ መግቢያ ሙዚቃው ከ15 ሰከንድ አይበልጥም፣ አዝማቹም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይመጣል። የኢግልስ ባንድን «ሆቴል ካሊፎርኒያ» ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ርዝመቱ ግን 6 ደቂቃ ተኩል ነው፤ መጨረሻው 2 ደቂቃ ገደማ ጊታር ብቻ ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ ግጥሙ ይጠፋና ዘፋኙ ማይኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ፈገግ ይላል፣ ጣሪያውን ያያል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የመጨረሻው ቃል እንዳለቀ ድምፁን በ5 ሰከንድ ቀስ አድርጎ ዝቅ ማድረግና ጭብጨባ ማስጀመር። ረጅሙ ሶሎ (መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት ክፍል) መሃል ላይ ከሆነ አጠር ተደርጎ የተሠራ ቅጂ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ዘፈኑን ተዉት።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡም አሉ። ጆርኒ የተባለው ባንድ በ1981 ያወጣው «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» የርዕሱ መስመር የሚመጣው ከ3 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሆኖም ካራኦኬ ላይ ይሠራል፤ ሰዉ ምን እንደሚመጣ አውቆ ይጠብቃላ። ዘፈኑን ለማያውቅ ክፍል ያው ዘፈን 3 ደቂቃ ሙሉ ወረፋ መጠበቅ ነው።

አዝማቹ ላይ ድምፅ ይሰነጠቃል

ሰው ዘፈኑን የሚሞክረው ከመጀመሪያው ስንኝ ነው። መጀመሪያው ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ይመርጠዋል፤ አዝማቹ ወደ ላይ ሲወጣ ጉሮሮው ይዘጋል። ሙከራው መጀመር ያለበት ከመጨረሻው አዝማች፣ ከፍ ካለው መስመር ነው። እሱን ሳትጮኹ ሁለት ጊዜ ከደገማችሁት ቀሪው አያስቸግርም።

ከፍ ካለባችሁ ኪዩን (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) አውርዱት። አብዛኞቹ የካራኦኬ ማሽኖችና አፖች ኪይ መቀየሪያ አላቸው፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት በግማሽ ቶን፣ ማለትም በአንድ ትንሽ የድምፅ እርከን፣ ይቀይረዋል። በ2 ጀምሩ። የወንድ ዘፈን ሴት ስትዘፍነው፣ ወይም በተቃራኒው፣ ከ3 እስከ 5 ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ሙዚቃው ይበላሻል፤ ከበሮው የተንሻፈፈ ድምፅ ያወጣል። ያን ጊዜ ኪዩን ከማሰቃየት ለድምፃችሁ ታስቦ በሌላ ኪይ የተሠራ ቅጂ መፈለግ ይሻላል፤ ዩቲዩብ ላይ ለታዋቂ ዘፈኖች አይጠፋም።

በተለይ መጨረሻ ላይ ኪያቸው የሚዘል ዘፈኖችን ተጠንቀቁ። የሮክ ባንዱ ቦን ጆቪ የ1986ቱ «ሊቪን ኦን ኤ ፕሬየር» የመጨረሻው አዝማች ላይ በ3 ግማሽ ቶን ይዘላል። እስከዚያ ድረስ በግድ የደረሰ ሰው እዚያ ላይ ያልቅለታል። ሁለት መውጫ አለው፦ ከመነሻው 3 ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ ወይም ዝላዩ ጋ ሲደርስ ማይኩን ወደ ታዳሚው ማዞር። ሁለተኛው የሚያሳፍር ይመስላል እንጂ ፓርቲውን የሚያሞቀው እሱ ነው።

ቃላቱን ማድረስ አይቻልም

ራፕና ፈጣን ዘፈን ላይ የሚቸግረው ትንፋሽ ነው። ግጥሙን ያለ ዜማ በዘፈኑ ፍጥነት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ 4 መስመር ሳትደርሱ ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሁለት ሆናችሁ መስመር በመስመር ተቀባበሉ።

ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሉም ከሙዚቃው ይሳሳታል

እዚህ ጋ ዘፈኑን አትቀይሩ፤ ጥፋቱ የብሉቱዝ ሊሆን ይችላል። ብሉቱዝ ስፒከር ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። ሙዚቃው ብቻ በብሉቱዝ ከሄደ ስክሪኑ ላይ ቀለሙ የሚሞላው ግጥም ይቀድምና ዘፋኙ ከምቱ ፈጥኖ ይገባል። የማይኩም ድምፅ በዚያው ካለፈ ደግሞ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ እየሰማ ይጎተታል፤ ይንተባተባል። ማይኩ ላይ አንድ ጊዜ «ጫ!» በሉ፤ ከአፋችሁና ከስፒከሩ ሁለት የተለያየ ድምፅ ከተሰማ ገመድ አስገቡ።

ማይኩ የሚያፏጨው ወደ ስፒከሩ ሲዞር ወይም ሰው የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ ሲሸፍነው ነው። ስፒከሩን ከዘፋኙ ፊት አስቀድማችሁ ወደ ታዳሚው አዙሩት። ኢኮውን (የድምፁን ማስተጋባት) በጣም ከጨመራችሁትም ያፏጫል፤ ቃሉም አይለይም።

ማንም መጀመር አይፈልግም

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ድምፃዊ የሆነውን ሰው ማስቀደም ነው። እሱ ካስጨበጨበ በኋላ ማን ይነሳል? መጀመሪያ ጋባዡ ራሱ ሁለት ሰው ይዞ ሁሉም የሚያውቀውን ቀላል ዘፈን ይዝፈን፤ ቢስት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ድምፃዊው ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ይምጣ። የዘገየ የፍቅር ዘፈን ከ4 ፈጣን ዘፈን በኋላ አንድ ብቻ፤ ሁለት ከተከታተለ ሰዉ ወሬ ይጀምራል።

አንድ ሰው ማይክ የሙጥኝ ይላል

ስሌቱን ንገሩት። 3 ደቂቃ ተኩል ዘፈን፣ 1 ደቂቃ ማይክ መቀባበያ፤ በሰዓት 13 ዘፈን ነው። 20 ሰው ካለ በሁለት ሰዓት ለእያንዳንዱ አንድ ደርሶ 6 ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ያልዘፈነ ሰው ሁልጊዜ ከዘፈነ ይቅደም፤ ሁለቴ የዘፈነ ሰው ሌላውን አጅቦ ይግባ። ዝርዝሩንም ከ40 ዘፈን በላይ አታድርጉት፤ መቶ ዘፈን የተሰጠው ሰው ሲያገላብጥ ተራው ያልፈዋል። በትልቁ ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት።

ሊጀመር ሲል ማስታወቂያ ይገባል፣ ወይም ኔት ይቋረጣል

አፑ ያለ ኔት ማጫወት የሚፈቅድ ከሆነ ከቀኑ በፊት አውርዱ። ካልሆነ እያንዳንዱን ዘፈን አንድ ጊዜ ከፍታችሁ 20 ሰከንድ ስሙት፤ ካራኦኬ ተብለው የዋናው ዘፋኝ ድምፅ ያልተወገደላቸው፣ ግጥማቸው የተሳሳተ ወይም በመድረክ ቀረጻ የተሠሩ ቅጂዎች የሚያዙት ያኔ ነው። ደህናውን ስታገኙ ዝርዝሩ ላይ ከዘፈኑ ስም ጎን ማን እንደሚዘፍነውና ኪዩን በስንት እንደምታወርዱ ጻፉ፦ «−2»፣ «−3»።