ጀርባዬን በረደኝ፦ በትንሽ ገንዘብ የሚመች የካምፕ ማትረስ ለመምረጥ ችግርና መፍትሄ

ሰሜን ተራሮች ላይ የመጀመሪያ ሌሊቴን ያደርኩት ግጭ ካምፕ ነው። ወሩ ታህሳስ ነበር። ግጭ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ ወቅት ጠዋት ጓሳው ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ያድራል። ስሊፒንግ ባጌ (የመኝታ ከረጢቴ) ደህና ነበር። ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጃለሁ። ደረቴና ሆዴ ሞቋል። ጀርባዬ ግን የወንዝ ድንጋይ ላይ የተኛሁ ያህል ይቀዘቅዛል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢያቅተኝ ወጥቼ እሳቱ ዳር ቁጭ አልኩ። ጓዛችንን የጫኑልን ባለበቅሎ በጋቢ ተጠቅልለው እዚያው ጋደም ብለዋል። ከሥራቸው ያለችው አንዲት አጎዛ ብቻ ናት። «አባባ፣ እርስዎን አይበርድዎትም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ብርዱ እኮ ከመሬቱ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ከጓዛቸው መሀል ሌላ አጎዛ መዘው ሰጡኝ። ጠጉሯ ወፍራም ነው፣ የጭስ ሽታ አላት። ማትረሴ ላይ አነጠፍኳት። ሲነጋ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲጮሁ ነው የነቃሁት።

ያ ማትረስ በአየር የሚነፋ ነበር። ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ ተኝቼ ሞክሬው በጣም ተመችቶኛል። ለስላሳነቱን አይቼ ገዛሁት፤ ብርድ መከልከል አለመከልከሉን አልጠየቅኩም። አሁን ጓደኞቼ «የትኛውን ልግዛ?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ሌሊት ምን ሆናችሁ?» ብዬ ነው። ገንዘብ ጠበብ ሲል ሁሉንም የሚያሟላ ማትረስ አይገኝም። የሚያስቸግራችሁን ነገር ለይታችሁ ካወቃችሁ ግን በትንሽ ብር ይፈታል።

«ከላይ ሞቆኛል፣ ከሥር ግን በረደኝ»

ብዙ ሰው ይሄ ሲገጥመው ስሊፒንግ ባጉን ይረግማል፤ ወፍራም ሌላ ለመግዛትም ያስባል። ቆዩ። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው ውስጡ ያለው ሙሌት አየር ስለሚይዝ ነው። እናንተ ስትተኙበት ከሥራችሁ ያለው ሙሌት በክብደታችሁ ይጨፈለቃል። አየሩም ይወጣል። ስለዚህ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ከጀርባችሁ በኩል ስስ ጨርቅ ነው። መሬቱን የሚከላከልላችሁ ማትረሱ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ በጎናችሁ ዞራችሁ ተኙና ትንሽ ቆዩ። አሁን መሬት በኩል ያለው ጎን መቀዝቀዝ ከጀመረ፣ ቅድም የቀዘቀዘው ጀርባም ቀስ እያለ ከሞቀ፣ ችግሩ ማትረሱ ነው። እግራችሁም ትከሻችሁም ደረታችሁም እኩል የሚበርድ ከሆነ ግን ስሊፒንግ ባጉን፣ የለበሳችሁትን እርጥብ ልብስ ወይም እራት ሳትበሉ መተኛታችሁን ጠርጥሩ።

የማትረስ ብርድ የመከልከል አቅም የሚለካው አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሬቱ ከሰውነታችሁ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። ድሮ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ነበር የሚለካው። በኋላ ኤፍ 3340 የሚባል የጋራ መለኪያ ወጣ። ከ2020 (እንደ ፈረንጆቹ) ገደማ ጀምሮ ትልልቆቹ አምራቾች በዚያው እየለኩ ነው። ስለዚህ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ይቻላል። አር ቫልዩው ያልተጻፈበት ርካሽ የሚነፋ ማትረስ ካያችሁ ውስጡ ባዶ አየር ብቻ ነው ብላችሁ ብታስቡ ይሻላል። ባዶ አየር ውስጥ ለውስጥ ይዘዋወራል፤ ከናንተ የወሰደውን ሙቀት ለመሬቱ ያቀብላል። የኔም ማትረስ ችግሩ ይሄው ነበር።

ስንት ያስፈልጋል? ለሞቃት ቦታና ለዝናብ ጊዜ መለስተኛ ብርድ 2 ገደማ ይበቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር፣ ግጭ ወይም ጨነቅ ካምፕ ከህዳር እስከ ጥር ለሚያድር ሰው እኔ ከ3.5 በታች አልመክርም። የባሌ ሳነቲ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ለማደር 4 እና ከዚያ በላይ ይሁን።

አሁን ኪሳችሁን የሚያተርፈውን ልንገራችሁ። አር ቫልዩ ይደመራል። ሁለት ማትረስ ደራርባችሁ ብትተኙ የሁለቱ ቁጥር ይጨመራል። ለምሳሌ ቴርማሬስት ዚ ላይት ሶል የሚባለው ታጣፊ ፎም 2.0 ነው፣ 410 ግራም ይመዝናል። ክላይሚት ስታቲክ ቪ የሚባለው ርካሽ የሚነፋ ደግሞ 1.3 ነው። ለየብቻቸው አንዳቸውም ለግጭ ሌሊት አይበቁም። ተደራርበው ግን 3.3 ይሆናሉ። አንድ ጋቢ አጥፋችሁ ከላይ ብትጨምሩ ደህና ታድራላችሁ። ስለዚህ የማይሞቅ ማትረስ ካላችሁ አትጣሉት። ከሥሩ ፎም ግዙለት። ፎሙ ከታች ሲሆን የሚነፋውን ከእሾህም ይጠብቀዋል።

ስለ አጎዛ ደግሞ አንድ ቃል። ከባድ ነው፣ እርጥበት ሲነካው ይሸታል። በቅሎ ከተከራያችሁ ግን ከእሱ የሚሻል ርካሽ ነገር አላየሁም።

«ሳነጥፈው ወፍራም ነበር፣ ሌሊት መሬት ላይ ነኝ»

ይሄ የስፖንጅ ችግር ነው። ከፍራሽ ቤት 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ አስቆርጦ መሄድ የተለመደ ነው። ዋጋው ስለሚቀንስ ማንም ቢያደርገው አልፈርድበትም። ግን ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ናቸው። ዳሌያችሁ ሲያርፍበት አየሩ በሙሉ ተገፍቶ ይወጣል። 5 ሳንቲ ሜትሩ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ውሃም ይጠጣል። ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ውሃ ከገባ በማግስቱ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፣ በሁለት ቀንም አይደርቅም።

መፈለግ ያለባችሁ ዝግ ፎም ነው። ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው የተዘጉ ናቸው፤ አየሩ መውጫ የለውም። ሱቅ ውስጥ ስሙን ጠርታችሁ ላይገባቸው ይችላል፣ ስለዚህ በእጃችሁ ለዩት። በአውራ ጣታችሁ በደንብ ተጫኑት። ስፖንጅ ከሆነ ጣታችሁ ሥር ያለው ጠረጴዛ ይሰማችኋል። ዝግ ፎም ከሆነ ይገፋችኋል፣ ስትለቁትም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ከያዛችሁት ውሃ ጠብታ ጣሉበት። ዝግ ፎም ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ስታዘነብሉት ይንሸራተታል። ስፖንጅ ግን ወዲያው ይውጠዋል።

የካምፕ ዕቃ ሱቅ መሄድ ሳያስፈልግ ይሄ ፎም በሌላ ስም ይገኛል። እኔ የምወደው የልጆች መጫወቻ ተገጣጣሚ ምንጣፍ ነው። ያ ባለ ቀለሙ፣ ጥርስ ለጥርስ የሚገጣጠመው። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሦስት ብትገጥሙ 180 ሳንቲ ሜትር በ60 ይሆናል፤ አንድ ትልቅ ሰው ያስተኛል። ስፋቱ እንዲያውም ከብዙ ውድ ማትረሶች ይበልጣል። ሲጓዙ ሦስቱን አነባብሮ የቦርሳው ጀርባ ላይ ማሰር ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ምረጡ፣ ለብርድ ጊዜ ድርብ አድርጉት። መጋጠሚያው ሌሊት እንዳይላቀቅ ከታች በኩል ሰፊ ፕላስተር ለጥፉበት።

የዮጋ ምንጣፍ? ከባድ ነው፣ ስስ ነው፣ አይመችም። ቤታችሁ ካለ ከሥር ጨምሩት እንጂ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ።

ስፖንጁን ገዝታችሁ ካለቀ ደግሞ አይክፋችሁ። በወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉት፣ ከሥሩ አንድ ሳንቲም ሳታወጡ የምታገኙትን ካርቶን አንጥፉ፣ ከላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አድርጉበት። ላስቲኩ በቀጥታ ሰውነታችሁን እንዳይነካ። ላብ ይይዝና ራሱ ያበርዳል።

«ዳሌዬና ትከሻዬ ታመመ»

በጎን የሚተኛ ሰው ክብደቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። 2 ሳንቲ ሜትር ፎም ለዚህ አይበቃም። በጎናችሁ የምትተኙ ከሆነ ገንዘባችሁን ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ የሚነፋ ላይ አውጡ፣ ብርዱን በርካሽ ፎም ከሥር ተከላከሉ። በጀርባ የሚተኛ ሰው ግን ፎም ብቻ ይበቃዋል። ጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ጃኬት ቢያደርግ ወገቡም ያርፋል።

የሚነፋ ኖሯችሁም የሚያማችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከልክ በላይ መንፋት ነው። እንደ ኳስ የደደረ ማትረስ ጣውላ ላይ ከመተኛት አይለይም። እስኪጠነክር ንፉት። ከዚያ በጎናችሁ ተኝታችሁ አየር ማስወጫውን ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት፣ ዘጋ አድርጉ። ትከሻችሁ ትንሽ ሲሰምጥ አቁሙ። እጃችሁን ዳሌያችሁ ሥር ሰዳችሁ መሬቱ ከተሰማችሁ አብዝታችሁ አስተንፍሳችኋልና መልሳችሁ ንፉት።

«ሌሊት አየሩ ጎደለ»

ሁልጊዜ ቀዳዳ አይደለም። አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። አመሻሽ ላይ በ25 ዲግሪ የነፋችሁት ማትረስ ሌሊት 0 ዲግሪ ሲደርስ 8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በትንፋሽ የነፋችሁት ደግሞ ትንፋሻችሁ ሞቃት ስለሆነ ይብሳል። ከመተኛታችሁ በፊት ቀድማችሁ ንፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ልትተኙ ስትሉ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ጨምሩበት። ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋት ከቆየ ደህና ነው።

ጠዋት ጠፍጣፋ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ቀዳዳ አለው። በመጀመሪያ መክፈቻውን እዩ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ገብታ ሌሊቱን ሙሉ አየር ታስወጣለች። እሱ ንጹህ ከሆነ ኦሞ በውሃ አሟሙታችሁ በጨርቅ ቀቡት፣ በደንብ ነፍታችሁ ጫን በሉት። አረፋ የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ወዲያው በእስክሪብቶ አክብቡት፣ ሲደርቅ ይጠፋችኋል። አስተንፍሱት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከማትረሱ ጋር የመጣውን መለጠፊያ ለጥፉ። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ሲደርቅ ግትር ይሆንና ማትረሱ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል።

አንድ ጥፋት ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ቀን ማትረሱን ነፍቶ ፀሐይ ላይ ትቶ ለጉብኝት ይሄዳል። አየሩ ይሞቃል፣ ይወጠራል፣ ላይና ታቹን ከውስጥ የሚያያይዘው መጋረጃ ይላቀቅና ማትረሱ መሀል ላይ እንደ ሆድ ይነፋል። ይሄ አይጠገንም። ቀን ቀን መክፈቻው ክፍት ይሁን።

«ስነፋው አናቴን ያዞረኛል»

ከፍታ ላይ ይሄ ይገጥማል፤ አየሩ ስስ ነው። ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ያዙ። አፉን ከፍታችሁ አየር እንዲሞላ ወዝወዝ አድርጉት፣ አፉን ማትረሱ መክፈቻ ላይ አጥብቃችሁ ያዙና ፌስታሉን እንደ ሳንባ ጨፍልቁት። አምስት ስድስት ጊዜ ብትደጋግሙት ይሞላል። የትንፋሽ እርጥበትም ውስጡ አይገባም።

ከመግዛታችሁ በፊት

በቅሎ የምትከራዩ ከሆነ ለቀላል ማትረስ ብላችሁ አትክሰሩ። ክብደት ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራልና። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነው፣ መክፈቻው ሲከፈት በራሱ አየር የሚሞላ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ማትረስ ለበቅሎ ምንም አይደለም፤ ይሞቃል፣ ይመቻል፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ወንጪ ወይም መናገሻ ሱባ ጓዛችሁን በራሳችሁ ጀርባ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን እያንዳንዱ መቶ ግራም ይሰማችኋል። ያኔ ፎም ይሻላል።

ለአንድ የሰሜን ተራሮች ጉዞ ብቻ ከሆነ መግቢያው ደባርቅ ላይ መከራየት ይቻላል። ከመክፈላችሁ በፊት የሚነፋውን ነፍታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ተዉት። ፎም ከሆነ መሀሉንና ጫፉን በጣታችሁ አወዳድሩ። መሀሉ ከሳሳ ብዙ ሰው ተኝቶበታል፣ ሌላ ጠይቁ።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ልታስመጡ ከሆነ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ስጡት፦ አር ቫልዩው፣ ርዝመቱና ስፋቱ። የተለመደው ስፋት 51 ሳንቲ ሜትር ነው። ትከሻ ሰፊ ለሆነ ሰው ክንዱ ውጭ ያድርበታል፤ 63 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ቢያመጣ ይሻላል። ዕቃው ሲደርስ በዚያው ሌሊት ሳሎን ሴራሚኩ ላይ አንጥፋችሁ እደሩበት። ዘመዳችሁ ከመመለሱ በፊት ያልተመቸውን ማወቅ ይሻላል።